ይጠገን ወይስ ይለወጥ? ከኒው ዮርክ እስከ ምጽዋ

የእንግሊዝና የተባባሪዎቿ ጦር በ1941 መጋቢት መጨረሻ ከረንን ይዞ ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ፣ በምጽዋ የነበረው የጣሊያን ባሕር ኃይል ሁለት ዓይነት ሥራ በጥድፊያ ይሠራ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አንደኛው ሥራ ከሩቅ የሚታይ ነበር። ከሠላሳ የሚበልጡ መርከቦች በወደቦቹ መግቢያና በየማቆሚያው ተደርድረው፣ ሆዳቸው በፈንጂ እየተቀደደ ወደ ባሕሩ ወለል ወረዱ። ሁለተኛው ሥራ ከግድግዳ በስተጀርባ የተፈጸመ ነው። በአብድልቃድር ልሳነ ምድር ላይ በነበረው የባሕር ኃይል ወርክሾፕ ውስጥ መዶሻ የያዙ ሰዎች ከማሽን ወደ ማሽን እየተሻገሩ መሣሪያውን ሰባበሩት። ሚያዝያ 8 ቀን አድሚራል ማርዮ ቦኔቲ የሚመራው ወደብ ሲወድቅ፣ ድል አድራጊዎቹ የተረከቡት የሰጠሙ መርከቦችንና የተሰነጠቀ ብረት ክምርን ነበር።

ማሽን የሚሰብር ወታደር በንዴት ብቻ የሚሠራ መስሎ ይታያል። በእውነቱ ግን ሒሳብ እያሰላ ነው። መዶሻው አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ የተሰበረውን ክፍል ፋብሪካ አዝዞ፣ አስቀልጦ፣ አስቀርጾና በባሕር አጓጉዞ ለመተካት ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ያስፈልጋል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ዓመት ማለት ጦርነቱ ራሱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሒሳብ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፤ ጠላት የተሰበረውን ከመለወጥ በቀር ሌላ መንገድ አያውቅም በሚል ግምት። ግምቱ ልክ ከሆነ ሰባሪው ያሸንፋል። የተሰበረውን አገላብጦ አይቶ “ይህ ይጠገናል” ብሎ የሚወስን፣ ለውሳኔውም የሚቆም ሰው ከተገኘ ግን ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል።

ጥያቄው በጦር አዛዦችና በመሐንዲሶች ዘንድ ብቻ የሚታወቅ አይደለም። የአሮጌ የጭነት መኪና ቴስታታ የተሰነጠቀበት የአዲስ አበባ፣ የጅቡቲ ወይም የሞምባሳ ባለ ጋራዥ ሁሉ ያውቀዋል። አዲሱ ውድ ነው፤ እስኪመጣም ድረስ መኪናው ቆሞ ገቢው ይቀራል። የተጠገነው ደግሞ ከከተማ ርቆ፣ ዳገት መካከል ሊከዳ ይችላል። ባለቤቱ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ መካኒኩ የሚጠይቀው ስንጥቁ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ነው። የሁለቱ ክርክር በታሪክ ውስጥ በትልቅ መጠን የታየበት ጊዜ አለ፤ እርሱም ከምጽዋ መውደቅ ሃያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአሜሪካ ወደቦች ነው።

የነገሩ መነሻ የብረቱ ጠባይ ነው። በጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያንኛ በተወረሰ ስም ጊዛ የሚባለው ቀልጦ የሚወጣ ብረት፣ ለትልልቅና ውስብስብ ለሆኑ የሞተር ክፍሎች ተመራጭ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሲቀልጥ እንደ ውኃ ፈስሶ የቅርጽ ማውጫውን ጎድጓዳ ሁሉ ይሞላል፤ ሲጨመቅ ይችላል፤ ሙቀትን ይታገሣል፤ ፒስተን ሲመላለስበት ቶሎ አይበላም። ድክመቱ የሚመጣው በውስጡ ካለው ካርቦን ነው። ጊዛ ከመቶ ከሁለት እስከ አራት እጅ የሚሆን ካርቦን የያዘ ሲሆን፣ በተለመደው ግራጫ ጊዛ ውስጥ አብዛኛው ካርቦን በቀጫጭን የግራፋይት ቅጠሎች መልክ ተበትኖ ይገኛል። እነዚህ ቅጠሎች ለስንጥቅ የተዘጋጁ መንገዶች ናቸው። ስለዚህም ጊዛ በመዶሻ ሲመታ እንደ ለስላሳ ብረት አይጎብጥም፤ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል እንጂ።

መበየዱም እንደዚያው አስቸጋሪ ነው። በያጁ አንዱን ቦታ ሲያግለው ያ ቦታ ይሰፋል፤ ዙሪያው ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ አብሮት አይሰፋም። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተርና ዙሪያውን ይጎትታል። መጨመቅን የሚችለው ጊዛ መጎተትን አይችልምና፣ በአሮጌው ስንጥቅ አጠገብ አዲስ ስንጥቅ ይከፈታል። በፍጥነት የቀዘቀዘው መጋጠሚያም እንደ ብርጭቆ ጠጣርና ተሰባሪ ይሆናል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብዙ መሐንዲሶች የተሰበረ ትልቅ የጊዛ ክፍል መለወጥ እንጂ መበየድ የለበትም ብለው ያምኑ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በነሐሴ 1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ፣ በአሜሪካ ወደቦች የነበሩ በደርዘኖች የሚቆጠሩ የጀርመን መርከቦች የእንግሊዝን ባሕር ኃይል ፈርተው ባሉበት ቆሙ። ከመካከላቸው በዘመኑ ከዓለም መርከቦች ሁሉ ግዙፍ የነበረችው “ፋተርላንድ” በሃድሰን ወንዝ ዳር፣ በሆቦከን ታስራ ነበር። መርከቦቹ ከነሠራተኞቻቸው ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ሳይንቀሳቀሱ ቆዩ። በጥር 1917 መጨረሻ ጀርመን ሰርጓጅ መርከቦቿ ያለ ገደብ እንደሚዋጉ ስታስታውቅ፣ የአሜሪካ ወደ ጦርነቱ መግባት የማይቀር መሆኑ ታወቀ። በዚያን ሰሞን የመርከቦቹ ሠራተኞች በየሞተር ክፍሉ ገብተው የተሰጣቸውን ትእዛዝ ፈጸሙ። ሚያዝያ 6 ቀን አሜሪካ ጦርነት አውጃ መርከቦቹን ስትይዝ፣ ሃያ ያህል በሚሆኑት ላይ የዋናው ሞተር ሲሊንደሮች ተሰባብረው ተገኙ።

እነዚህ ሲሊንደሮች ዛሬ በመኪና ውስጥ እንደሚታወቁት ያሉ አልነበሩም። በዘመኑ የነበረው የእንፋሎት ሞተር እንፋሎቱን በተከታታይ ሲሊንደሮች ያሳልፈው ነበር። እንፋሎቱ በመጀመሪያ ጠባብና ከፍተኛ ግፊት ወዳለው፣ ቀጥሎ ወደ መካከለኛው፣ በመጨረሻም ግፊቱ ዝቅ ወዳለው ሰፊ ሲሊንደር ይገባል። በትልልቆቹ መርከቦች የዚህ የመጨረሻው ሲሊንደር አፍ ስፋት ከሁለት ሜትር በላይ ነበር። ሰው ቆሞ የሚገባበትን ይህን የጊዛ በርሜል ለመለወጥ፣ በጀርመን የቀረውን ንድፍ እንደገና መሥራት፣ የእንጨት ሞዴል መቅረጽ፣ ማቅለጥ፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ውስጡን በማሽን ማስተካከል፣ ከዚያም አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ለማስገባት ከበላዩ ያለውን የመርከብ ወለል መክፈት ያስፈልግ ነበር። ሰባሪዎቹ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በአንዷ መርከብ ላይ የተገኘው የጀርመን ሠራተኞች የጉዳት ዝርዝር ከበርካታ ክፍሎች አንጻር ሊጠገን እንደማይችል አስፍሮ ነበር።

መርከቦቹን በመጀመሪያ የመረመሩት የመንግሥት የመርከብ ጉዳይ ቦርድ ባለሙያዎችም ከዚህ የራቀ አስተያየት አልነበራቸውም፤ ሲሊንደሮቹ ይለወጡ አሉ። ለዚህም ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እንደሚያስፈልግ ይገመት ነበር። ወቅቱ ግን ዓመት የሚሰጥ አልነበረም። በ1917 ሚያዝያ ወር ብቻ ሰርጓጅ መርከቦች ከ800 ሺህ ቶን በላይ የንግድ መርከብ አሰጥመው ነበር። አሜሪካ ወደ ፈረንሳይ የምትልከው ጦር ገና በመመልመል ላይ ነው፤ ውቅያኖሱን የሚያሻግሩት መርከቦች ግን በቂ አልነበሩም። ሊያሻግሩት የሚችሉት እነዚያው ሞተራቸው የተሰበረ የጀርመን መርከቦች ነበሩ።

በኒው ዮርክ የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ ሁለት መኰንኖች የተለየ ሐሳብ ይዘው ተነሡ። አንደኛው የማደሻው የኢንዱስትሪ ሥራ አስኪያጅ አድሚራል ጆርጅ በርድ፣ ሁለተኛው የምሕንድስና ኃላፊው ካፒቴን ኧርል ጄሶፕ ናቸው። ሐሳባቸው የተሰበሩት ሲሊንደሮች ከመርከቦቹ ሳይወጡ፣ ባሉበት በኤሌክትሪክ ብየዳና በብረት እጣፊ ይጠገኑ የሚል ነበር። የኤሌክትሪክ ብየዳ በዚያን ጊዜ በባቡር ጋራዦች የታወቀ ቢሆንም፣ ይህን ለሚያህል የመርከብ ሞተር ይበቃል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር።

የተቃዋሚዎቹ ፍርሃት ተራ ግትርነት አልነበረም። በእነዚህ ሞተሮች የሚነዳ መርከብ የሚጭነው በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮችን ነው። የተበየደው ሲሊንደር በወደብ ውስጥ ቢከፈት ሥራው ይደገማል፤ በአትላንቲክ መካከል፣ ሰርጓጅ መርከብ በሚያደፍጥበት ቀጠና ቢከፈት ግን መርከቡ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ዒላማ ይሆናል። ስለዚህ “ይለወጥ” ያለው ወገን ስለ ደኅንነት ተከራክሯል። “ይጠገን” ያለውም ወገን ስለ ደኅንነት ተከራክሯል፤ ነገር ግን እርሱ በሚዛኑ ላይ ያኖረው በመርከቡ ውስጥ ያሉትን ብቻ ሳይሆን፣ መርከቡ በጊዜ ባለመድረሱ በጦር ሜዳ የሚጎዱትንም ጭምር ነበር። የክርክሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ወገኖች ስለ ሰው ሕይወት ይናገሩ ነበር፤ የሚለያዩት አደጋው የቱ ጋ እንዳለ በመገመት ነው። በሐምሌ 1917 ውሳኔው ወደ ጥገናው አደላ።

አሠራሩ ብልኃትን ከትዕግሥት ጋር የሚጠይቅ ነበር። የተሰበረው ጠርዝ ተሞርዶ ይጸዳል፤ በዙሪያውም ጊዛው እየተበሳ የብረት ብሎኖች ይተከላሉ። በጎደለው ቦታ ልክ ከጊዛ የሚሻል እጣፊ ከቀለጠ ስቲል ይወጣና በቦታው ይገጥማል። ከዚያ በያጁ እጣፊውንና ብሎኖቹን እያያያዘ፣ በትንሽ በትንሹ ይሞላል። ብሎኖቹ የተተከሉት ሸክሙ በቀጭኑ የብየዳ መስመር ላይ ብቻ እንዳይወድቅና ወደ ደኅናው ጊዛ ጥልቀት እንዲገባ ነው። የኤሌክትሪኩ ሙቀት በጠባብ ቦታ የተወሰነ በመሆኑ፣ በጋዝ ብየዳ እንደሚደረገው ሲሊንደሩን በሙሉ በእሳት ማጋል አላስፈለገም፤ ከቦታው ማውጣትም እንደዚሁ። በመጨረሻ ውስጡ በማሽን ተስተካክሎ በግፊት ይፈተናል። ፈተናው የማይታለፍ ሥርዓት ነበር፤ ምክንያቱም ብየዳ ከላይ አምሮ ከውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላልና።

በዚህ ሥራ መካከል የታየ አንድ ነገር የክርክሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ነው። ሰባሪዎቹ የሚታየውን ብቻ አልሰበሩም። ብሎኖች በመጋዝ ከግማሽ በላይ ተቆርጠው ቁራጩ እንዳይታይ ተሸፍኖ ነበር፤ የእንፋሎትና የውኃ ቧንቧዎች ከውስጥ ተደፍነው ነበር፤ በዘይት ውስጥም የተፈጨ ብርጭቆ ተገኝቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞተር እስከ መጨረሻው ብሎን ተፈትቶ መመርመር ነበረበት። ሰው ሁሉ የሚፈራው የተሰነጠቀው ሲሊንደር ከሁሉ ይልቅ የታመነ ጉዳት ነበር ማለት ይቻላል፤ ቁስሉን ገልጦ ያሳያልና። አደገኛው ደኅና መስሎ የቆመው ብሎን ነው። ሲሊንደሮቹን ብቻ ለውጦ ሞተሩን ያስነሣ ሰው አዲስ ክፍል በመግጠሙ ተማምኖ ለጥፋት ይዳረግ ነበር። የመጠገን ውሳኔ ያመጣው ትርፍ ጊዜ ማዳን ብቻ አልነበረም፤ ሙሉውን ሞተር የማወቅ ግዴታንም አብሮ አመጣ።

በ1917 ማብቂያ ላይ ባሕር ኃይሉ የተረከባቸው መርከቦች ለአገልግሎት በቅተው ነበር። በባሕር ኃይሉ ስሌት የዳነው ጊዜ ዓመት ያህል ነው። ከጀርመን ተይዘው ስማቸው የተለወጠውና ያልተለወጠው መርከቦች በጦርነቱ ጊዜ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወታደሮችን ወደ አውሮፓ አጓጓዙ። “ፋተርላንድ” “ሌቪያታን” ተባለች። ስሟን እንደያዘች የቀረችው “ጆርጅ ዋሽንግተን” ደግሞ በታኅሣሥ 1918 ፕሬዚዳንት ዉድሮ ዊልሰንን ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ይዛ ተጓዘች። የብየዳ ሙያም ከዚያ ወዲህ ከመናቅ ወጥቶ በመርከብ ሥራ ውስጥ የክብር ቦታውን ያዘ።

በዚያው ጦርነት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ምድር፣ ተቃራኒ የሚመስል ውሳኔ ተፈጽሟል። “ግራፍ ፎን ጎትዘን” የተባለችው የጀርመን መርከብ በፓፐንቡርግ ተሠርታ፣ ተፈታትታ በሣጥን በዳሬሰላም በኩል ከገባች በኋላ በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር፣ በኪጎማ ተገጣጥማ በ1915 ውኃ ላይ ወርዳ ነበር። ሐምሌ 1916 ጠላት ሲቃረብ እንድትሰጥም ታዘዘ። ትእዛዙን የፈጸሙት መሐንዲሶች ግን ሞተሩን በመዶሻ አልነኩትም። በወፍራም ግራሶ ቀብተው፣ መርከቧን በማላጋራሲ ወንዝ መግቢያ አጠገብ በጥንቃቄ አሰጠሟት። የገጣጠሟት እነርሱ ነበሩ፤ ተመልሰውም እንደሚያነሧት ተስፋ ያደርጉ ነበር። ተስፋቸው አልሰመረም። በ1924 መርከቧን ያወጧት እንግሊዞች ሆኑ። ሞተሩና የእንፋሎት ጋኖቹ ግን ከነዚያ ሁሉ ዓመታት በኋላ ለሥራ የሚበቁ ሆነው ተገኙ። በ1927 “ሊምባ” በሚል ስም እንደገና ሥራ ጀመረች፤ ከዚያም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የሐይቁን ዳርቻ ሕዝብና ጭነት አመላለሰች። የእንፋሎት ሞተሯ በናፍጣ ሞተር የተተካው በ1970ዎቹ ነው። ኒው ዮርክ ላይ ብየዳ ያዳነውን፣ ታንጋኒካ ላይ ግራሶ አዳነው። ልዩነቱ ከብረቱ በፊት በሰዎቹ ልብ ውስጥ ነበረ፤ እመለሳለሁ ያለ ይቀባል፣ አልመለስም ያለ ይሰብራል።

በምጽዋ የነበሩት ጣሊያኖች የሰበሩት እንደማይመለሱ ሰዎች ነው። ከወደቡ መውደቅ በኋላ አንድ ዓመት ያህል የሰጠሙት መርከቦች በሰጠሙበት፣ የተሰበሩት ማሽኖችም በተሰበሩበት ቆዩ። በ1942 መጋቢት መጨረሻ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን ወደቡን እንዲያነሣ ተላከ። ሰውየው በ1920ዎቹ ሰጥመው የነበሩ ሰርጓጅ መርከቦችን ከባሕር በማውጣት የታወቀ መሐንዲስ ነበር። ምጽዋ ሲደርስ የጠበቀው ጥቂት ሰው፣ ከዚያም ያነሰ መሣሪያና ብርቱ ሙቀት ነበር። ሜዲትራንያን ለንግድ መርከብ ተዘግቶ ስለነበር፣ ከአሜሪካ የሚታዘዝ ማሽን አፍሪካን በደቡብ ዞሮ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። የሮመል ጦር ደግሞ ወደ ግብፅ እየገፋ ነበር። እስክንድርያ ብትወድቅ፣ በዚያ አካባቢ ለቀረው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመርከብ ማደሻ ሊሆን የሚችለው ምጽዋ ነው።

እዚህም ያው የኒው ዮርክ ጥያቄ ተነሣ፤ ይጠበቅ ወይስ ይጠገን? ኤልስበርግ አልጠበቀም። በመዶሻ የተሰባበሩት የወርክሾፕ ማሽኖች አዲሶቹ ከባሕር ማዶ እስኪመጡ ሳይጠበቅ፣ እዚያው በነበረው እጅና ቁሳቁስ እየተጠገኑ ተነሡ። ሥራው የተሠራው ከጥቂት አሜሪካውያን ሌላ በኤርትራውያን፣ በሱዳናውያንና በዐረብ ሠራተኞች፣ እንዲሁም የእጅ ሙያ ባላቸው የጣሊያን እስረኞች ነው። ወርክሾፕ ሲጠገን ከማሽን ሁሉ ቀድሞ መነሣት ያለበት ቶርኖው ነው፤ ሌሎቹን የሚጠግነው እርሱ ነውና። በዚህ ረገድ ወርክሾፕ ከሞተር ይለያል። የተሰበረ ሞተር እስኪጠገን ድረስ ሥራ ፈት ነው፤ የተሰበረ ወርክሾፕ ግን ግማሹ ሲድን ቀሪውን ራሱ ያድናል።

የግንቦት 1942 ሥራ ከዚህ ሁሉ ጎልቶ ይነገራል። ጣሊያኖች ያሰጠሙት ትልቁ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ፣ ቀደም ብለው የመረመሩት ባለሙያዎች ሊነሣ አይችልም ብለው የተዉት ነበር። ስምንት ፈንጂዎች ተቀምጠውበት ሰባቱ ፈንድተዋል። ኤልስበርግና ጥቂት ሰዎቹ በመጠገኛው የጎን ግድግዳዎች ውስጥ የታመቀ አየር እየሞሉ በዘጠኝ ቀን ከባሕሩ ወለል አነሡት። አዲስ መጠገኛ ከአሜሪካ ቢታዘዝ ኖሮ ጊዜው በወራትና በዓመት በተቆጠረ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት የእንግሊዝ ክሩዘሮች “ዳይዶ”፣ “ዩርያለስ” እና “ክሊዮፓትራ” ተራ በተራ ወደ ምጽዋ መጥተው ታደሱ። ክብደታቸው በእጅ ከነበረው መጠገኛ አቅም በላይ በመሆኑ፣ መርከቦቹ በአንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ አልተነሡም፤ ከፊላቸው እየተነሣ ተሠሩ እንጂ።

ከእነዚህ ታሪኮች መጠገን ሁልጊዜ ይሻላል የሚል ድምዳሜ ማውጣት ስሕተት ነው። በርድና ጄሶፕ ሲሊንደር በየዱ እንጂ የተሰበረውን ሁሉ አልበየዱም። የማይንቀሳቀስ፣ ሸክሙ በአብዛኛው ግፊት የሆነ፣ በእጣፊም ሊደገፍ የሚችል ክፍል አንድ ነገር ነው፤ በየደቂቃው በመቶ ጊዜ የሚጎተትና የሚገፋ ቢዬላ ወይም ኮሎ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ክፍል ሲመላለስ ትንሿን ስንጥቅ በየዙሩ እያሳደገ ይሄዳልና፣ በመጋዝ የተነካው መለወጥ አለበት። ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ስንጥቁ የተገኘው በየትኛው ቦታ ነው? ያ ቦታ የሚሸከመው መጨመቅን ነው ወይስ መጎተትን? የተሰነጠቀው በአንድ ምት ነው ወይስ በድካም? በምት የተሰነጠቀ ብረት ዙሪያው ደኅና ነው፤ በድካም ወይም በሙቀት ብዛት የተሰነጠቀ ግን ስንጥቁ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም፤ ያንን የበየደ ሰው የሚበይደው ምልክቱን ነው። ሥራውስ ካለቀ በኋላ ሊፈተን ይችላል? ቢከዳ የሚከዳው የት ነው? ማንንስ ይዞ?

በ1917 በአሜሪካ ወደቦች የተገኙት ሲሊንደሮች ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ ለጥገና የሚያመች ነበር። ሰባሪዎቹ ራሳቸው ሳያውቁ አመቻችተውት ነበር ቢባል ያስኬዳል። ደኅናውን ብረት በመዶሻ መትተው ሰበሩት እንጂ አላደከሙትም። ጉዳቱ ግዙፍ ቢሆንም ወሰን ነበረው። “አይጠገንም” ብለው የጻፉት የስብራቱን ስፋት አይተው ነው፤ “ይጠገናል” ያሉት ደግሞ ከስብራቱ ባሻገር የቀረውን ደኅና ብረት አይተው ነው። አንዱ የጎደለውን ቆጠረ፤ ሌላው የተረፈውን።

የምጽዋው ታሪክ ግን በጥገናው ድል አላበቃም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ኤርትራን ታስተዳድር የነበረችው እንግሊዝ፣ አገሪቱ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከመዋሐዷ በፊት ከምጽዋ ወደብ መሣሪያዎችና ሕንፃዎች ብዙውን እየነቀለችና እያፈረሰች ሸጠችው። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በዚያው ዓመት “የኢትዮጵያን ወደቦች ለምን እናፈርሳለን?” የሚል ጽሑፍ በማሳተም የገዛ መንግሥቷን ተቃወመች። ጣሊያኖች በጦርነት ጥድፊያ በመዶሻ የሰበሩትን ወደብ ላብ ያንጠፈጠፉ ሰዎች ጠግነው አቁመውት ነበር። የቆመውን ደግሞ በሰላም ጊዜ፣ ያለ ጥድፊያ፣ በደረሰኝና በፊርማ የነቀሉት አስተዳዳሪዎች ናቸው።

መዶሻው የተወው ስንጥቅ ቢያንስ ብረቱን በቦታው ይተወዋል፤ የሚመረምረው፣ ብሎን የሚተክልበት፣ በግፊት የሚፈትነው ሰው ሲገኝ ይድናል። ተነቅሎ በመርከብ የተጫነ ማሽን ግን ለመጠገንም ለመለወጥም ለጥያቄ አይቀርብም። በቦታው የሚቀረው የመሠረቱ ሲሚንቶና ከሲሚንቶው ብቅ ያሉት የተቆረጡ ብሎኖች ብቻ ናቸው።